ከስማችን ጀርባ ያሉ ሰዎች፦ ስለ መካነ ሰላምና ስለ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ቀደምት ታሪክ

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል ለማንም ሰው ቶሎ የሚመጣለት አንድ ንጉሥና አንድ ቀን ነው፤ አፄ ቴዎድሮስና ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። ክፋት የለውም። ይሁን እንጂ ቱሉ አውሊያም ሆነ መካነ ሰላም ግቢ ብርዱን ተጋርተን የወጣን ልጆች ስንገናኝ፣ ስለ አካባቢው ታሪክ የምናወራው ከዚያች አንድ ቀን ብዙም አያልፍም። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ስለ አካባቢያችን ቀደምት ታላላቅ ሰዎች አንድ ነገር እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ እንደ ልማዳችን ንጉሡን፣ ራሱን፣ ደጃዝማቹን በተራ መደርደር ይቻል ነበር። እሱን ግን ሁላችሁም ከኔ ባልተናነሰ ታውቁታላችሁ። ሰፋ አድርጌ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሁለት ሰዎች ነው፤ ስለ አንድ ቄስና ስለ አንዲት እናት። ቄሱ አማርኛን በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት ለዓለም ካደረሱት የመጀመሪያው ናቸው። እናቲቱ ደግሞ ልጃቸው በመቅደላ ገደል እየተወረወረ፣ የሌላ ሰው ልጅ ግን ለአገሩ የበቃው በእሳቸው በኩል ነው። ከምሩቃን አፍ የሁለቱን ስም ስሰማ እምብዛም ነው።

ለንባብ እንዲመች ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የፈረንጅ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

መጀመሪያ የቦታ ስሞቹን እንያቸው

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የመጣ ተማሪ ሁሉ የአካባቢውን ታሪክ በአውቶቡስ መስኮት አንብቦታል፤ ብቻ ልብ አላለውም። መካነ ሰላም ግእዝ ነው፤ የሰላም ቦታ። ቱሉ አውሊያ ሁለት ቋንቋ ነው፤ «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ፣ «አውሊያ» በዐረብኛ የአላህ ወዳጆች። ለጋምቦና ለገሂዳ «ለጋ» ከሚለው፣ ወንዝ ማለት ከሆነው፣ የኦሮምኛ ቃል ይነሳሉ። ወረ ኢሉና ወረ ሂመኖ ደግሞ «ወረ» ብለው ይጀምራሉ፤ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን እንደማለት ነው። ቦረና የታላቅ የኦሮሞ ነገድ ስም ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ሰሜን ሲሄዱ አምሐራ ሳይንት አለ። ይህቺ «አምሐራ» የምትል ቃል ዝም ብላ የተለጠፈች አይደለችም። ዛሬ ክልልም ሕዝብም የሚጠራበት ስም በመጀመሪያ የአንድ አገር ስም ነበር፤ አገሩም በበሸሎና በአባይ ገደሎች የታቀፈው ይኸው ደጋ ነው። በኋላ ዘመን ሌላው መሬት ሌላ ስም ሲወጣለት፣ የጥንቱ ስም በዚያች ጥግ ላይ ቀረ።

በዚህ ነገር ጎራ ለይተው የሚከራከሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይገርመኛል። የብሔራዊ ፓርኩን ስም ብቻ ተመልከቱ፦ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚኖሩበት፣ ድሮ ደንቆሮ ጫካ የምንለው ማለቴ ነው። ሦስቱም ስሞች በአንድ ጫካ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ።

የነገሥታቱ አብያተ ክርስቲያናት

ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ ኢማም አሕመድ ዘመቻ ድረስ ይህ ምድር የመንግሥቱ እምብርት ነበር። ነገሥታቱ እንደዛሬው በአንድ ከተማ አይቀመጡም፤ በድንኳን ይዞራሉ። ቋሚ ነገር የሚሠሩት ለእግዚአብሔርና ለመቃብራቸው ነው። ስለዚህ የዘመኑን ሀብትና ጥበብ ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ነበር።

ከነዚህ አንዷ አፄ በእደ ማርያም (እ.ኤ.አ. 1468–1478) ያሠሯት አትሮንሰ ማርያም ናት። የቬኒስ ሰው የሆነ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የሚባል ሠዓሊ ለዚህች ቤተ ክርስቲያን እመቤታችንን ከነልጇ ሥሎ ነበር ይባላል። አገሬው መርቆሬዎስ ብሎ ሰይሞታል። ሥዕሉ ግን ጸብ አስነሳ፤ ምክንያቱም ሕፃኑን በግራ ክንዷ አሳቅፎ ነበር የሣለው። በፈረንጅ አገር ልማድ ነው፤ እዚህ ግን ግራ የክብር ወገን አይደለም። ሕዝቡ ቢቆጣም ንጉሡ ሥዕሉን አላስነሱም። የውጭ ባለሙያ አምጥቶ አገር ውስጥ ማሠራት ከጥንትም ጣጣ እንደነበረው እዩ።

ሁለተኛዋ መካነ ሥላሴ ናት። አደራችሁን ከመካነ ሰላም ጋር አታምታቷት፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ የፈተና ወረቀት ላይ ሳይቀር ተቀላቅለው አይቻለሁ። መካነ ሥላሴን አፄ ናዖድ (እ.ኤ.አ. 1494–1508) ጀመሯት፣ ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ጨረሷት። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቷል፤ ቤተ ክርስቲያኗን አይቶ ጽፎላታል። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1531፣ የኢማም አሕመድ ጦር ደረሰባትና ተቃጠለች። የሚገርመው፣ ውበቷን ከሁሉ አስፋፍቶ የነገረን የአቃጣዮቿ ወገን የሆነው ጸሐፊ ነው። የኢማሙን ዘመቻ የመዘገበው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ የወርቁን ቅብና የቅርጹን ሥራ እየተደነቀ ይገልጻል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሩምም ሆነ በህንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ተብለው የተጠየቁት የባሕር ማዶ ሰዎችም አላየንም እንዳሉ ይነግረናል። የታሪክ መምህር ሆኜ የማከብረው ምንጭ ማለት ይህ ነው፤ ጠላቱን ሲጽፍ የጠላቱን ቤት ያላሳነሰ።

ሦስተኛዋ ተድባበ ማርያም፣ በአምሐራ ሳይንት፣ ዛሬም አለች። በአካባቢው ትውፊት ከክርስትና በፊት በኦሪቱ ዘመን መሥዋዕት ከሚሠዋባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ ናት፤ ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከመርጡለ ማርያም ጋር አብራ ትቆጠራለች። በጽሑፍ ታሪክ የምናውቃት ደግሞ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ነው። ገላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ1540 ሲነግሡ አገሪቱ በጦርነት መሃል ነበረች፤ ከጦርነቱ በኋላ ያከበሯትና ያሠሯት ይህችኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር ተወሰደ፤ አካላቸው ግን ወደዚህ መጥቶ በተድባበ ማርያም አረፈ። ከዚህ ምድር ወጥተው ከቀሩት ብዙ ነገሮች መካከል፣ ግማሽም ቢሆን፣ ወደዚህ የተመለሱት እሳቸው ናቸው።

አባ ጎርጎርዮስ

መካነ ሥላሴ ተቃጥላ ስልሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1595 ገደማ፣ አንድ ልጅ ተወለደ። ሲያድግ የትውልድ አገሩን ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ «አምሐራ፣ መካነ ሥላሴ» ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ብትቃጠልም ቦታዋ በስሟ ይጠራ እንደነበር፣ ሰውም ይኖርባት እንደነበር የምናውቀው በዚህ መልስ ነው። እኚህ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በቤተ መንግሥቱ ሲገኑ፣ ጎርጎርዮስ ከእነሱ ወገን ሆኑ። አፄ ፋሲለደስ ነግሠው ኢየሱሳውያኑ ሲባረሩ የእሳቸውም ዕጣ ስደት ሆነ። በመጨረሻ ሮም ደረሱ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ነበር፤ እዚያ ተቀመጡ።

እ.ኤ.አ. በ1649 አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ በሩን አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ነው፤ የኤርፈርት ሰው። ግእዝን ከመጽሐፍ ብቻ ተምሯል፣ ሲነገር ግን ሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎርጎርዮስ አስተማሪው ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት በሉዶልፍ በኩል ጠሯቸውና በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ተቀብለው ለወራት አስተናገዷቸው። በዚያ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው ምን ይሠሩ እንደነበር አስቡት፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንዱ ይጽፋል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ወንዞቹ፣ ስለ አውሬው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ምግቡ። በኋላም ተለያይተው ሳለ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

ይህን ልዩ የሚያደርገው የጊዜው ወሬ ነው። ከዚያ በፊት ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ ኢትዮጵያን ሳያይ ስለ ኢትዮጵያ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ነገሥታቱ ልጆቻቸውን የሚያስሩበት የግሸን አምባ በሱ ብዕር የምድር ገነት ሆነ፤ ወሰን የሌለው ቤተ መጻሕፍትም እላዩ ላይ ተሠራበት። አውሮፓም አመነው። ሉዶልፍ ይህን ሲያፈርስ የተማመነው ከዚያው አገር በተወለደ ሰው ቃል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1681 የታተመውን የኢትዮጵያ ታሪኩን የገለጠ ሰው «ጎርጎርዮስ እንዳለኝ» እያለ ስማቸውን ደጋግሞ ሲጠራ ያገኘዋል። በዚያ ዘመን አውሮፓዊ ሊቅ የአፍሪካዊ አስተማሪውን ስም እንዲህ አድርጎ መጥራቱ ተራ ነገር አይደለም። ዛሬም በየጥናታችን «መረጃ ሰጪ 4» ብለን ሽማግሌውን ቁጥር የምናደርግ ሰዎች ብንማርበት አይከፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሉዶልፍ የግእዙን መዝገበ ቃላትና ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ1661 አሳተመ። የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት። በዓለም ላይ በማተሚያ ቤት የወጣ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ያ ነው። አማርኛውን ያስተማረው ማን ነው? የመካነ ሥላሴው ጎርጎርዮስ። የተማሩ ሰው ናቸውና የቤተ ክህነቱና የቤተ መንግሥቱ አማርኛ በንግግራቸው ውስጥ መኖሩ አይቀርም። ነገር ግን ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት እዚህ፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው ደጋ ላይ ነው። እንግዲህ እኛ መካነ ሰላም ገበያ ላይ «ይህቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ብለን የሳቅንባት አነጋገር፣ የአማርኛ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከተቀዳበት ምንጭ የቀረች ጠብታ ልትሆን ትችላለች። ከአዲስ አበባ የመጡ ጓደኞቼ የቦረናና የሳይንት ገጠር አማርኛ «ስህተት» እንደሆነ ሲያርሙ ሰምቻለሁ። ማን ማንን ነው የሚያርመው?

ጎርጎርዮስ ያንን መጽሐፍ አላዩትም። ወደ አገራቸው ለመመለስ መርከብ ተሳፍረው ሲጓዙ እ.ኤ.አ. በ1658 በእስክንድሮና አጠገብ መርከቡ ሰጠመና ሞቱ። መዝገበ ቃላቱ የታተመው ከሞቱ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ምስላቸው ግን በሉዶልፍ መጽሐፍ ውስጥ ተቀርጾ አለ።

ወይዘሮ ወርቂት

ከጎርጎርዮስ እስከ ወርቂት ሁለት መቶ ዓመት አለ፤ በዚህ መሃል ምድሩ ሌላ ሆኗል። የኦሮሞ ሕዝብ መጥቶ ከነባሩ ጋር ተዋልዷል፣ እስልምና ሥር ሰዷል፣ በወረ ሂመኖም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ማመዶች የተባለው ሥርወ መንግሥት ተነስቷል። ገዢዎቹ ኢማም ይባላሉ። የጎንደር ነገሥታት ስም ብቻ በሆኑበት ዘመን የወሎ ፈረሰኛ የማይታሰብበት ፖለቲካ አልነበረም።

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. እንደነገሡ መጀመሪያ የዞሩት ወደ ወሎ ነው፤ በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ መቅደላን ያዙ። አምባውን ከዚያ ወዲያ ግምጃ ቤትም፣ እስር ቤትም አደረጉት። ሸዋን ሲያስገብሩም የ11 ዓመቱን ልጅ ምኒልክን ይዘው መጡና መቅደላ ላይ አኖሩት። በዚያው አምባ የወሎ መኳንንት ልጆችም በመያዣነት ታስረው ነበር። ከነሱ አንዱ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ ነው።

ወይዘሮ ወርቂት በወረ ሂመኖ ከባላባቶቹ ወገን ሆነው ይገዙ የነበሩ ሴት ናቸው። ባላንጣቸውም ሴት ናት፤ ወይዘሮ መስተዋት። ሁለቱም በልጆቻቸው ስም ሥልጣን ይዘው፣ ሁለቱም ከቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው፣ እርስ በርሳቸውም ተዋግተው ኖረዋል። የአካባቢያችን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፖለቲካ የወንዶች ብቻ አድርጎ የሚያስተምር ካለ እነዚህን ሁለቱን ዘሏል ማለት ነው።

በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ በሌሊት፣ ወደ 21 ዓመቱ የተጠጋው ምኒልክ ከመቅደላ አመለጠ። ሚስቱን፣ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን፣ ትቶ ነው የሄደው። ከመቅደላ ወደ ሸዋ የሚወስደው መንገድ የወሎ ምድር ነው፤ በወርቂት እጅ ሳያልፉ መውጫ የለም። ሲነጋ ቴዎድሮስ በመነጽር ሲያዩ ልጁ ወርቂት ሰፈር ደርሷል።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው፣ ወርቂት ከመጀመሪያው ለምኒልክ አዝነው፣ አቅፈው ተቀብለው ሸኙት ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በምኒልክ ልጄን አስለውጣለሁ ብለው አስበው ነበር፤ ቴዎድሮስ ግን ቁጣቸው ቀድሞ ልጃቸውን ከሌሎች የወሎ እስረኞች ጋር ገደሉት፣ የልጃቸውም ሞት ሲሰማ ምኒልክን በአጃቢ ወደ ሸዋ ሰደዱት ይላል። እስረኞቹ እጅና እግራቸው ተቆርጦ በገደል እንደተወረወሩ በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል። ወርቂትን የሚያሳንስ አይመስለኝም። እናት ናቸው፤ ልጃቸው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሌላውን ለማትረፍ አስበዋል ብሎ መተረክ ቅድስና መስጠት እንጂ ታሪክ መጻፍ አይደለም። ለኔ ትልቁ ነገር ከሞቱ በኋላ ያደረጉት ነው። የልጃቸው ደም በእጃቸው ባለው ወጣት ምክንያት ፈሷል። ሊገድሉት ይችሉ ነበር፣ ለቴዎድሮስም መልሰው ሊሰጡት ይችሉ ነበር፣ ለሌላም ሊሸጡት ይችሉ ነበር። አሳለፉት። ምኒልክ ሸዋ ገብቶ በዚያው ክረምት ነገሠ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1888 ዓ.ም.፣ ያው ሰው ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ለአድዋ ዘመቻ የክተት አዋጅ ሲያስነግር የሸዋን ጦር የቀጠረው ወረ ኢሉ ላይ ነበር። ከተማዋንም በጦር ሰፈርነት ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው በሰው ይሁንታ ያለፉበትን ምድር በፈረስና በነጋሪት ሞሉት። አድዋን የምናከብር ሰዎች ወርቂትን የምንጠራበት አንድ ደቂቃ ቢኖረን ደስ ይለኛል።

መቅደላ፣ በአጭሩ

የመቅደላን ጦርነት አልደግመውም። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው መንገዱ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነስተው ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን መድፍ፣ እያስጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። በጂጣና በበሸሎ ገደል ድንጋይ እየፈለጡ፣ ራሳቸውም በእጃቸው እየሠሩ ያወጡት መንገድ በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የጋሪ መንገዶች አንዱ ነው። የተሠራው ለንግድ ሳይሆን ለአንድ መድፍ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። መድፉ ዛሬም አምባው ላይ ነው።

ሁለተኛው የሄደው ነገር ነው። እንግሊዞች የዘረፉትን በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ወሰዱና በሐራጅ ሸጡት። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት የለንደኑ ሙዚየም ገቡ። አብዛኞቹ ግን ቀድሞውንም የመቅደላ አልነበሩም፤ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አምጥተው በመድኃኔ ዓለም ያከማቿቸው ነበሩ። ይመለሱ ስንል ይህንንም ማወቅ አለብን፤ ጥያቄያችንን አያዳክመውም። ሰውም ሄዷል። ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞቱ፣ እሱም በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ፤ መቃብሩ ዊንድሶር ነው። ሌላው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ህንድ ደረሰ፤ ሐኪም ሆኖ ከአድዋ በኋላ ተመለሰ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኖ የተሟገተው ሐኪም ወርቅነህ እሱ ነው።

እንግሊዞቹ ሲወጡ አምባውን መጀመሪያ ለዋግሹም ጎበዜ ሰው አቀረቡ፤ አልፈለገም። ለወይዘሮ መስተዋት ተተወ። ከዚያ በፊት ግን ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እላዩን በእሳት አጋዩት።

ከተንታ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው

ስለ ንጉሥ ሚካኤል ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልፈዋለሁ። የማመዶች ልጅ፣ መሐመድ አሊ የነበሩ፣ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱ፣ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ የዘመቱ፣ በ1906 ዓ.ም. የነገሡ፣ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተማረኩ ናቸው። ወደ ደሴ ከመዞራቸው በፊት መቀመጫቸው ተንታ እንደነበረ ግን ለደሴ ልጆች ማስታወስ ደስ ይለኛል። ልጃቸው ልጅ ኢያሱም ከሰገሌ በኋላ በዚያው ዓመት ሄደው የተከበቡት መቅደላ ላይ ነው፤ ከበባውንም ሰብረው ወጡ። ያ አምባ ሁለት ጊዜ የመጨረሻ መጠጊያ ሆኗል።

መካነ ሰላም ራሷ በዚህ ሁሉ መሃል ዘግይታ የመጣች ከተማ ናት። የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ሆና ነው ስሟ በመንግሥት ወረቀት ላይ የገነነው። ከሷ ታሪክ እኔ የምወደው የአውሮፕላኑን ነው። የክረምት ጭቃ መንገዱን በሚዘጋበት ዘመን ከተማዋ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበራት፤ በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን መዝገብ ዛሬም የራሷ መለያ ፊደላት አሏት፦ ኤም ኬ ኤስ። ደቡብ ወሎ ገደል ውስጥ አስፋልት ሳይገባ የአየር ቲኬት ይቆረጥባት የነበረች ከተማ ናት። ዛሬ ደግሞ በግንደወይን በኩል አባይን ተሻግሮ ከጎጃም የሚያገናኛት መንገድ አለ። ተድባበ ማርያምንና መርጡለ ማርያምን በአንድ ትውፊት ያቆራኘው የድሮ ሰው፣ ገደሉን በእግሩ ነበር የሚሻገረው።

ለትምህርት ክፍሎቻችን አንድ ሥራ ልጠቁም። የሉዶልፍ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ዛሬ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ትርጉሙ በላቲን ነው፣ አማርኛው ግን በፊደላችን ነው። ቃላቱን እያነሱ ለሳይንት፣ ለቦረና፣ ለወግዲና ለከላላ ሽማግሌዎች ማንበብ፣ የትኛውን ያውቁታል፣ የትኛውን ዛሬም ይሉታል፣ የትኛው ጠፍቷል ብሎ መጻፍ፤ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ሁለት ዓመት የሚበቃ ነው፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ለስብሰባው የምትመጡ ምሩቃን ከእናት ከአባታችሁ የሰማችሁት፣ ሌላ ቦታ ሲነገር ያልሰማችሁት ቃል ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። የተናጋሪውን ስምና የተነገረበትን ቀበሌ ከሥሩ አስፍሩበት።